ከአባቴ ቤት ወደ ባሌ ቤት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ቅር ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም አላስቀየመኝም። ባሌ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል፤ ልጆቹ ዘመድ ጋ ናቸው። ቤቱ ጭር ብሏል። ይህን ጸጥታ ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር! ሲመጣ ግን ምን እንደማደርግበት ጠፋኝ።

ምን ልብላ ብዬ ተነሳሁና ቆሜ ቀረሁ። እሱ የሚወደውን አውቃለሁ። ትልቋ የማትነካውን፣ ትንሹ ሲያኮርፍ የሚያባብለውን አውቃለሁ። ለእኔ ለብቻዬ ምን እንደሚጥመኝ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። የረሳሁት ነገር አይደለም። ድሮም አጣርቼው አላውቅም።

ማታም ብቻዬን ላድር ነው። በሕይወቴ አንድ ቤት ውስጥ ብቻዬን አድሬ አላውቅም። ያገባሁት በ19 ዓመቴ ነው። ከአባቴ ቤት ወጥቼ ባሌ ቤት ገባሁ። መሃሉ ባዶ ነው። የራሴ ቁልፍ የነበረው በር፣ በራሴ ደሞዝ የከፈልኩት ኪራይ፣ ለማንም ሳልናገር ያመሸሁበት ቀን የለም።

እሱን እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ማንም አላስገደደኝም። ወድጄው ነው ያገባሁት፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። የሚማታ ወይም የሚሰክር ባል ቢሆን ኖሮ ሰው ይረዳኝ ነበር። ጥፋተኛ የሌለውን ጸጸት ግን ለማን ይነግሩታል? አንድ ቀን ለጓደኛዬ ለመ. ጫፍ ጫፉን ሳነሳባት "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ብላ ዘጋችኝ። ጉልቻውን ልለውጥ መቼ አልኩ! እኔ የምናፍቃት ከ19 እስከ 25 ልሆናት እችል የነበረችውን ልጅ ነው። ምን ትሠራ ነበር? ምን ላይ ወድቃ እንዴት ትነሳ ነበር? ማንን ወድዳ ትተው ነበር? ምናልባት መጨረሻ ላይ እሱኑ ታገባ ነበር። ግን መርጣ።

ስለዚህ ነገር ማውራት የሚያሳፍረኝ ጊዜ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ ሕፃን ማለት በመሠረቱ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ነው ብሏል። ዩኒሴፍ ደግሞ በየዓመቱ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጃገረዶች 18 ሳይሞላቸው እንደሚያገቡ ይገምታል። ከትምህርት ቤት ተነጥቀው፣ አካላቸው ሳይጠና እናት የሚሆኑ ልጆች አሉ። በእነሱ ላይ የደረሰው በደል ነው። የእኔን ከእነሱ ጋር አልደምረውም።

ግን መስመሩን በአንድ ዓመት ስላለፍኩ ብስል ሰው ነበርኩ ማለት አይደለም። አርቆ የሚያስበውና ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና በማደግ ላይ ነው። ይህን ሳነብ ሁለት ልጆች ወልጄ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ የበለጠ ውስጤ የገባ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆርዲ ኩዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። ከ18 እስከ 68 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ከ19 ሺህ በላይ ሰዎች ጠየቁ። ገሚሱን "ባለፉት 10 ዓመታት ምን ያህል ተለወጣችሁ?" አሏቸው። ገሚሱን ደግሞ "በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ምን ያህል ትለወጣላችሁ?" ጥያቄው ስለ ጠባይ፣ ስለሚወዱት ነገርና ትልቅ ቦታ ስለሚሰጡት ነገር ነበር። በየትኛውም ዕድሜ ያለ ሰው ያለፈው ዘመን ብዙ እንደለወጠው ያምናል። የሚመጣው ግን ብዙም የሚለውጠው አይመስለውም። ለውጡ ደግሞ የሚበረታው በወጣትነት ነው።

እናቴ ያኔ "ምናለ ትንሽ ብትቆዪ?" ብላኝ ነበር። "እማዬ፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ" አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። የዚያን ቀኗን ልጅ በደንብ አውቃት ነበር። ያላወቅኳት ከእሷ በኋላ የምትመጣዋን ነው፤ ቃል የገባሁት ግን በዚችኛዋም ስም ነው። እናቴም አልተከራከረችኝም። ዝም አለች። ብትከራከረኝ እሰማት ነበር ወይ? አይመስለኝም። በዚያ ዕድሜ ምክር የሚሰማው ጆሮ ሌላ ነው።

ስለ እሱም አስባለሁ። እሱም እኮ ልጅ ነበር፤ ገና 22 ዓመቱ። መማር የሚፈልገው ነገር ነበረው። እኔ ሳረግዝ ተወውና ያገኘው ሥራ ገባ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ልጆቹ ስለ ትምህርት ሲያወሩ ግን ዓይኑ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ አይቼዋለሁ። "ይቆጭሃል?" ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እፈራለሁ። የእኔን ቁጭት እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ የእሱን ለመስማት ግን አቅም የለኝም። ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ብለን ዝም እንዳልን አንድ አልጋ ላይ እናድራለን።

ያገኘሁትንም አልክድም። እኔን በ19 ዓመቴ የሚያውቀኝ ሰው ዛሬም ጎኔ አለ። እያንዳንዱን ለውጤን በዓይኑ አይቷል። ዘግይተው ያገቡ ጓደኞቼ ይህ የላቸውም፤ የራሳቸው ቁጭት አላቸው። እሱን ሌላ ጊዜ።

ዛሬ ሁሉንም የቀሰቀሰብኝ ግን የትልቋ ነገር ሳይሆን አይቀርም። በቅርቡ 19 ትሞላለች። አንድ ልጅ አለ። ስሙን ስታነሳ ድምፅዋ ይቀየራል። ባለፈው "ከተዋደዱ ለምንድን ነው የሚቆየው?" አለችኝ። ቆዪ፣ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ የራስሽን በር በራስሽ ቁልፍ ክፈቺ ልላት ፈለግኩ። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ልጅቷ ሒሳብ ታውቃለች። እኔ ብቆይ ኖሮ እሷ የለችም። "ታዲያ እኔን በመውለድሽ ነው የሚቆጭሽ?" ብትለኝ ምን እላታለሁ? እሷን በዓለም ላይ በምንም አልለውጣትም። ያለፈችኝም ወጣትነት ታንገበግበኛለች። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። ይህን ለማወቅ ግን እኔ ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ገና በፍቅር ለተያዘች ልጅ በአንድ ምሽት ወሬ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ሳይመሽባት ልንገራት ወይስ እንደ እናቴ ዝም ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?