በቀጭኗ ስኮርታ ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን

ድንጋዩን ያየሁት ዘግይቼ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል መውረድ ጀምረናል። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ከፊቴ ካለው አይሱዙ የኋላ መብራት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከወዲያ የሚመጣ አውቶቡስ መንገዱን ሲያጠብብኝ ወደ ቀኝ ጠጋ አልኩ። ከሥር ጓ! አለ። መሪው ወደ ቀኝ ጎተተኝ። ከዚያ ያ የላስቲክ ድምፅ መጣ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

«ምንድን ነው ልጄ?» አለችኝ እማዬ።

«ጎማ ነው እማ። አይዞሽ።»

ፍሬን አልረገጥኩም። ቁልቁለት ላይ፣ ያውም የፊት ጎማ ሲሞት፣ ፍሬን በኃይል ከተረገጠ መኪናው ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። ነዳጁን ለቀቅኩ። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ መንገዱ ሰፋ እስኪል ድረስ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ቸርኬው እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ይጎዳ። ቸርኬ ይገዛል። ጉም ውስጥ ጠመዝማዛ ላይ ቆሞ ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ መጠበቅ ግን የማይታሰብ ነው።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር። ፍልሰታ ነው። እማዬ ጾሙን ደብረ ሲና ካለችው ታላቅ እህቷ ጋ ልትጨርስ ፈልጋለች። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ የያዙ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው ነበር፤ እማዬ «ለመመለሻችን» ብላ አለፈቻቸው። 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻይ ጠጥቼ ጉዞ ቀጠልን። ጎማዎቹን ከቤት ሳልወጣ አስለክቻለሁ። አራቱንም። አምስተኛዋን፣ መለዋወጫዋን ስኮርታ፣ አላሰብኳትም።

አምስተኛዋ ከኋላ ወለሉ ሥር ነው ያለችው። የእማዬን ቡና፣ ስኳርና ጧፍ አውርጄ ምንጣፉን ሳነሳ አገኘኋት። ቀጭን ናት፤ ከሌሎቹ ጎማዎች አጠገብ ስትቆም የሞተር ብስክሌት ጎማ ትመስላለች። ቸርኬዋ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎባታል። ጽሑፉ የጃፓን ነው፤ 80 የሚለው ቁጥር ግን ጎልቶ ይታያል። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትነዳም ማለት ነው። በአውራ ጣቴ ጫን አልኳት። ገባች።

መኪናው ከመጣ ጀምሮ እዚያው ተኝታ ነበር። ጎማ ደግሞ ሳይነዳም አየር ይለቃል። ምድር የዞረብኝ ያኔ ነው።

አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አልፎን ሄደና ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወረደ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ጎማው አልነበረም።

«ታኮ አድርገሻል?»

አላደረግኩም። የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሽም አስገብቻለሁ አልኩት። ረዳቱን ሁለት ድንጋይ እንዲያመጣ ላከው። ሌላ ልጅ ደግሞ ቅጠል ቆርጦ ከኋላችን፣ ከመታጠፊያው በላይ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ እንዲያስቀምጥ አደረገ። እኔ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን መኪናዬ ሥር ልደቅነው ነበር። «እዚህ ሲያዩት ምን ሊጠቅምሽ? ሳይደርሱብሽ ነው ማየት ያለባቸው» አለኝ። እማዬን ከመኪናው አስወርዶ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። «እናቴ፣ ክሪክ ላይ ያለ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም።»

ክሪኩን ፊት ላይ ልሰካ ስል እጄን ያዘኝ።

«ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ነው አይደል? ስኮርታዋን ፊት አትስቀያት።»

«የሞተው የፊቱ ነው እኮ ጋሼ።»

«ይሁን። ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጪ። ስኮርታዋ ኋላ ትግባ።»

ሁለት ጊዜ መፍታትና ሁለት ጊዜ ማሰር ነው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጭቃ። ልከራከረው ዳዳኝ። እሱ ግን ቆሞ እንደ ልጁ አስረዳኝ። የሞተሩ ክብደት ፊት ላይ ነው። መሪው ፊት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። ያችን ቀጭን ጎማ እዚያ ማድረግ ከባዱን ሥራ ለደካማዋ መስጠት ነው። ሌላም አለ። ትንሽ ጎማ ከትልቁ ፈጥና ትዞራለች። ሁለቱ የሚጎትቱት እግሮች ላይ ከተሰቀሉ፣ ሁለቱን እግሮች በተለያየ ፍጥነት የሚያስኬደው ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ መታጠፊያ ላይ እንዳለ ሁሉ ሲሠራ ይውላል። ይግላል፣ ይበላል።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ፈታን። የኋላውን ስናነሳ ታኮው ለምን እንዳስፈለገ ገባኝ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ጎማዎች ነው። አንዱ ከመሬት ተነስቶ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በአንዱ ብቻ መተማመን አይቻልም። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ በመስቀል ቁልፍ አሰርኩ፤ አንዱን፣ ፊት ለፊት ያለውን፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለቱን። የመጨረሻውን ጉልበት የሰጠሁት ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ነው።

የቀረው አየር ነበር። ረዳቱ ረጅም ጎማ ቱቦ ይዞ መጣ። ትልልቆቹ መኪኖች ለፍሬናቸው የታመቀ አየር አላቸው፤ ሾፌሮቻችን ከዚያው እየቀዱ ጎማ ይሞላሉ። መለኪያው 30ን ሲያልፍ «ይበቃል» አልኩ፤ ሌሎቹ ጎማዎቼ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ናቸው። ሾፌሩ ጎንበስ አለና የስኮርታዋን ጎን በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ጭቃው ሲለቅ በላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ወጣ። 60።

«እዩዋት፤ ተናግራለች እኮ» አለ።

የሌሎቹን እጥፍ ገደማ ነው። እኔ ስህተት የመሰለኝ ነገር ልኳ ነበር። ቀጭን ስለሆነች መኪናውን የሚሸከምላት አየሩ ነው። በ32 ብነዳት ኖሮ ጎኗ እየታጠፈ፣ እየጋለ፣ መንገድ ላይ ትበታተን ነበር። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጎሚስታም ጭምር፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሞላታል። እባካችሁ ቁጥሯን አንብቡላት።

ሰውየው ገንዘብ አልተቀበለም። እማዬ መረቀችው፤ እስኪሄድ ድረስ አሜን ሲል ነበር። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ታኮዎቹን አንድ በአንድ አንስታ ቦዩ ውስጥ ከተተቻቸው። ቅጠሉንም። ከላይ የመታን ድንጋይ እኮ የሌላ ሰው ታኮ ነበር። ጎማውን ቀይሮ፣ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ የሄደ ሰው። ተመልሳ ሄዳ እሱንም አነሳችው።

ደብረ ሲና ጎሚስታው ጎማዬን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። የተቀደደው ጎኑ ነው፤ ጣት ያስገባል። መሬት የሚነካው ክፍል ላይ ቢሆን ይለጠፍ ነበር። ጎን ግን ሁልጊዜ ይተጣጠፋል፤ ልጣፍ አይይዘውም። የእኔ ልክ፣ 165/70 ባለ 14 ጎማ፣ እሱ ጋ አልነበረም። ያለው የአይሱዙና የአባዱላ ነው። ደብረ ብርሃን አታጪም አለኝ።

ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ዋሻው ሽቅብ። እነዚህ ጊዜያዊ ስኮርታዎች ባብዛኛው ለ80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚመከሩ ናቸው። የመጣሁትን ብደምርበትም እደርሳለሁ። በጉም ግን አልሄድም አልኩ። እማዬንና ጓዙን አክስቴ ጋ ተውኩ፤ መኪናው በቀለለ ቁጥር ለስኮርታዋ ይሻላታል። በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ሲገልጥ ብቻዬን ወጣሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በዝግታ ነድቼ አላውቅም። 40፣ ሜዳ ላይ 50። ወረቀቱ 80 ይላል፤ ያ ግን ጣሪያው ነው፣ ያውም ለደረቅና ለጥሩ መንገድ። ከኋላዬ የሚያጣድፉኝን ቀኝ ይዤ አሳለፍኳቸው። መታጠፊያ ላይ የመኪናው የኋላ ቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ይሰማኛል። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነች መኪናው በዚያ በኩል ለመሬት ይቀርባል፤ ጉድጓድና የፍጥነት መገደቢያ ላይ ቆም ብዬ ነበር የማልፈው። ውሃ የተኛበት ቦታ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ቀድሜ ነው የማበርደው። ጥርሷ ጥልቀት የለውም፣ መሬት የምትነካውም በጠባቡ ነው፤ ፍሬን ስይዝ መኪናው ከለመድኩት በላይ ይሄድብኛል። ከፊቴ ካለው መኪና የምተወውን ርቀት እጥፍ አደረግኩት።

ዋሻው ጋ ስደርስ ጭላዳዎች ሣር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቦረቦረው ይህ ዋሻ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ እዚህ ስናልፍ ትንፋሼን ይዤ እቆጥር ነበር። በዚያ ዝግታ ብይዝ ኖሮ ግማሹ ላይ ያልቅብኝ ነበር።

ጉዶ በረት ላይ ቆምኩ። ዳዶዎቹን እንደገና ሞከርኳቸው፤ አንዱ ሩብ ዙር ገባ። እጄን ስኮርታዋ ላይ አሳረፍኩ። ለብ ብላለች እንጂ አልጋለችም። ደስ አለኝ፤ ሰው እንደማመስገን መታ መታ አደረግኳት።

ደብረ ብርሃን ሁለተኛው ጎሚስታ ጋ ልኩ ተገኘ። አዲሱን ፊት አድርጎ የኋላውን ወደ ቦታው መለሰልኝ። ስኮርታዋን አሳጥቤ ውሃ ውስጥ አስነከርኳት፤ አረፋ የለም። 60 አስሞላሁ። ልጁ ሊከራከረኝ ሲል ጎኗን አሳየሁት። ከዚያ ነጭ ቀለም ተበድሬ ቸርኬዋ ላይ በትልቁ 60 ብዬ ጻፍኩ። አሁን ምንጣፉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ሲና ስገባ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቴን ከበቡት። ለእማዬ ገብስ ከሽምብራ የተቀላቀለ ገዛሁ። በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ቆሎውን ተቀበለችኝና ወደ መኪናው ኋላ ተመለከተች።

«ያቺ ትንሿስ? ደህና ገባች?»

«ገብታለች እማ።»

«አየሯንስ አየሽላት?»