እጄ አልለቅም ያለ ቀን

ባለፈው እሑድ ከደሴ የደወለልኝ የልጅነት ጓደኛዬ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «የሮቦት እጅ ተገጠመልህ አሉ፤ ስንት ኪሎ ታነሣበታለህ?» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «አዲስ ሲሰጡህ አሮጌውን ለጎረቤቴ ላክለት፤ የእሱንም እጅ የወፍጮ ቤት ቺንጋ ወስዶታል» አለ። መሣቅም መቆጣትም አማረኝ።

ግን አይፈረድበትም። እዚህ ፍራንክፈርት ያሉት ወገኖቼስ መቼ ከእሱ ተሻሉ? ጀርመኑ ባቡር ውስጥ እጄን አይቶ እንዳላየ በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከታል። ሐበሻው ገና ሳይቀመጥ «ምን ሆነህ ነው? ስንት ያወጣል? ጸበልስ ሞክረሃል?» ይላል። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም። እጁ ራሱ ግን ውሃ አይወድም።

ቀኝ እጄን የወሰደው የዳቦ ቤት ሊጥ ማቡኪያ ነው። ስለዚያ ሌሊት አላወራም። ከክርኔ በታች ግማሹ ተርፎልኛል፤ የነገሩ ሁሉ መሠረትም ያ ትራፊ ነው። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ዋና ጡንቻዎች ክንድ ላይ ስለሆኑ፣ ጣቶቹ ቢሄዱም ጡንቻዎቹ ትእዛዝ መቀበላቸውን አልተዉም። ጡንቻ ሲኮማተር እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ክንዴ በሚገባበት ቅርፊት ውስጥ (ጀርመኖቹ ሻፍት ይሉታል) ቆዳዬን እየነኩ ያን ኤሌክትሪክ የሚያነቡ ሁለት ኤሌክትሮዶች አሉ። የውስጠኛው ጡንቻ ሲኮማተር ሞተሩ እጁን ይዘጋል፣ የውጭኛው ሲኮማተር ይከፍታል። ሁለቱን ባንዴ ካኮማተርኳቸው ደግሞ ተራው የአንጓው ይሆንና እነዚያው ጡንቻዎች ያዞሩታል። «ሮቦቱ» ይኸው ነው። ባትሪው ማታ ማታ ከስልኬ ጎን ቻርጅ ይደረጋል። ልጄ አንድ ማታ ነቅላ የራሷን ስልክ ሰክታበት፣ በማግስቱ ባዶ እጄን ሥራ ገብቻለሁ።

አብረውኝ ይለማመዱ የነበሩ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ደግሞ ኮምፒውተራቸው ሰው ሠራሽ ጉልበታቸው ውስጥ ነው፤ የጉልበቱን መታጠፍ በሰከንድ 50 ጊዜ እየለካ ደረጃ ሲወርዱ እንዳይከዳቸው ይገታዋል። ሲ ሌግ የሚባለው ይህ ጉልበት በፈረንጆቹ 1997 ነው የተዋወቀው። እያንዳንዱ ጣት በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስበት እጅ ከስኮትላንድ ለገበያ የወጣው በ2007 ነው። ሽማግሌው «እግር ሁልጊዜ ይቀድማል» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

እኔ ግን ከሦስት ወር ልምምድ በኋላ እንቁላል ሳልሰብር አንሥቻለሁ፣ የጫማዬን ክር አሥሬያለሁ። ከሁሉም ያኮራኝ ሰላምታው ነው። እጁ የቆሸሸበት ሰው አንጓውን መስጠቱ ደንብ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ክርኔን ስሰጥ ኖሬያለሁ። ለትልቅ ሰው ግራ እጅ አይዘረጋ ነገር! አዲሱ እጅ ሲመጣ የማውቀውንም የማላውቀውንም መጨበጥ ጀመርኩ።

ጉዱ የመጣው ለቅሶ ቤት ነው። ሐምሌ ነበር፤ እዚህ ሐምሌ በጋ ነው። ወንድማቸው አገር ቤት ያረፉባቸውን አንድ አዛውንት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ጨበጥኳቸው። ልለቅ ስል እጁ አልለቀቀም። ላቡ ቅርፊቱን አንሸራትቶ ኤሌክትሮዶቹን ከቦታቸው አስቷል። ስደነግጥ ጡንቻዬ ሁሉ ተወጠረ፤ እጁም «ዝዝዝ» ብሎ ይባስ ጠበቀ። ከኋላዬ የተሰለፉት ስልካቸው የጠራ መስሏቸው ኪሳቸውን ዳበሱ።

አዛውንቱ ሐዘናቸው አንጀቴን የበላው መሰላቸው። በግራ እጃቸው ትከሻዬን አቅፈው «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» እያሉ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ቤቱ በዋይታ ተናጋ። እኔ ሟቹን በመልክ እንኳ አላውቃቸውም! ነገሩ የገባት ባለቤቴ ናት፤ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ተንፍስ፤ ክንድህን አላላው» አለችኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ስተነፍስ ተከፈተ። እኚያ አዛውንት እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር «የክፉ ቀን ልጄ» ይሉኛል። እውነቱን የምነግርበት ድፍረት አላገኘሁም።

የእኔ እጅ ይይዛል እንጂ የያዘውን አያውቅም። እንጀራ ስቆርስበት ወይ ይቀደዳል ወይ ይጨመቃል። አንዴ በግትርነት አልጫ በላሁበት፤ እርዱ እጁን የሚሸፍነውን ጓንት ቢጫ አድርጎት ቀረ። የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያው አገላብጦ አይቶ «የምትሠራው ከምን ዓይነት ኬሚካል ጋር ነው?» አለኝ። ጓንቱን ለመቀየር የሰጠኝ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እዚህ አገር እጅም ወረፋ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ አስረዳሁት። ቅርፊቱ በእኔ ክንድ ልክ በጄሶ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ እንደ ልባሽ ጫማ ለሌላ አይሆንም። ዋጋው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ነው፤ የከፈለልኝ ደግሞ የሥራ ላይ አደጋ መድን ነው። ውል ፈርሜ ስለምሠራ ብዙ አልተከራከሩኝም። ያለ ውል ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ልጅ አደጋ ሲደርስበት ግን አሠሪው «አላውቀውም» ሊል ይችላል፤ መብቱን እስኪያስረዳ አሳሩን ያያል። ጀርመን እጅ ያድላል ብላችሁ የምትመጡ፣ መጀመሪያ ውላችሁን ያዙ። ጎረቤትህንም እዚያው ደሴ ወዳለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ውሰደው አልኩት። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ለዓመታት ሲያግዛቸው በቆዩ ማዕከላት የሚሠራው የፕላስቲክ አካል ሞተር ባይኖረውም፣ መብራት ሲጠፋ አይሞትም።

«እሺ፣ እሺ» አለ ጓደኛዬ፣ «አሁን በቪዲዮ አሳየን።» ስልኩን አስደግፌ አንጓውን ሙሉ ዙር ሳዞረው የሰፈሩ ልጆች ጮኹ። ጎረቤቱም ከኋላቸው ቆሞ ኖሯል። ስለ ኪሎም ስለ ዋጋም አልጠየቀኝም።

«የሌለው ጣትህ ሌሊት ያሳክክሃል?» አለኝ።

«አውራ ጣቴን» አልኩት።

«እኔን ትንሿን» አለ።