ማን እያረሰሽ ነው?

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ አዲስ ለወለዱ እናቶች በስልክ የጽሑፍ መልእክት ድጋፍ በሚሰጥ ክፍል ነው። የምናገለግላቸው በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡና እንደ እኔ ከአፍሪካ የመጡ ሴቶች ናቸው። እናትየዋ ከተስማማች ከሆስፒታል ስትወጣ ስልኳ ይመዘገባል፤ ከዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ መልእክት ይደርሳታል። መልሷን መጀመሪያ የሚያየው ማሽን ነው። የሚያሰጋ ቃል ካገኘ ቀይ ምልክት አድርጎ ለሰው ያስተላልፋል፤ ካላገኘ አረንጓዴ አድርጎ ያልፈዋል።

የአማርኛውን መልእክት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠርና ክፍያው እጥፍ ይሆናል። «ከ70 እንዳታሳልፊ» ተባልኩ። እንግሊዝኛው ሦስት ነገር ይል ነበር፦ ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶች እንደሚከፋቸው፣ ሕፃኑ ተኝቶም ለእናቱ እንቅልፍ እንቢ ሊላት እንደሚችል፣ ይህን ብትጽፍ የሚፈርድባት እንደሌለ። አንዱን ስቆርጥ ሌላው አልገባ እያለኝ፣ በመጨረሻ በእጄ የቀረው «እንደምን አሉ? ደህና ነዎት? ሕፃኑስ ደህና ነው? እርዳታ ካስፈለገዎት ይመልሱልን፤ እናነብበዋለን።» የሚል ነበር። ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 62 ሆነ። ተፈቀደ፤ መላክም ጀመረ።

አንዲት እናት ነበረች። ስሟን ሳልጠቅስ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አሜሪካ ከገባች ዓመት ከሁለት ወር፣ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ስድስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ለተላኩላት 12 መልእክቶች 12 ጊዜ መልሳለች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ ደህና ናችሁ?» ሁሉም አረንጓዴ። በወሩ ሪፖርት ላይ በሚገባ ምላሽ ከሚሰጡት እናቶች ተርታ ገብታለች።

እኔን ያስቆመኝ ሰዓቱ ነው። መልእክታችን የሚሄደው ረፋድ ላይ ሲሆን የእርሷ መልስ የሚመጣው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ50፣ 9 ሰዓት ከ40፣ 10 ሰዓት ከሩብ ነው። «ሕፃን ያላት ሴት ሌሊት መንቃቷ ምን ይገርማል?» አለችኝ አለቃዬ። እውነቷን ነው። ቢሆንም ለሰላምታ መልስ ለመስጠት ጨለማውን የምትጠብቅ ሴት፣ ቀኑን እንዴት ነው የምታሳልፈው የሚለው ሐሳብ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

የራሴን መልእክት መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ። ጥያቄ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር እንጂ ያደረግኩት ሰላም ማለት ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ «ደህና ነሽ?» የጤና ጥያቄ አይደለም። ለቅሶ የምትሄድ ሴት እንኳን መንገድ ላይ «እንደምን አለሽ?» ስትባል «ደህና፣ ይመስገነው» ብላ ነው የምታልፈው። ይህች እናት ጨዋነቷን ነው የመለሰችልኝ፤ ለዚያውም 12 ጊዜ።

አገር ቤት ቢሆን አራስ እንዲህ አትጠየቅም። የሚመጣው ሰው ሁሉ በር ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይገባና ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው፦ አጥሚቱን የምታፈላውን፣ ገንፎውን የምታገነፋውን፣ ሕፃኑን ተቀብላ እናቲቱን «አሁን ተኚ» የምትለዋን። አራስ ብቻዋን አትተውም። ማሽኑን ተውኩትና በእጄ ጻፍኩላት፦ «እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የምጽፍልሽ እዚሁ የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ ማሽን አይደለሁም። ማን እያረሰሽ ነው?» ስንት ፊደል እንደሆነ አልቆጠርኩም።

መልሱን ጠዋት ቢሮ ስገባ አገኘሁት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ላይ አንዲት ቃል፦ «ማንም።» ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ፣ ስልኩ ከፋፍሎ ያመጣው ረጅም ጽሑፍ። እናቷ ልታርሳት ልትመጣ ነበር፤ ቪዛ ተከለከለች። ባሏ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ቀን ይተኛል። ከእሑድ ጀምሮ ከሻይና ከደረቅ ዳቦ በቀር የቀመሰችው የለም። ሕፃኑ ሲተኛ እርሷ ትንፋሹን ለማየት በስልኳ መብራት ደረቱን እያበራች ትቀመጣለች። መጨረሻው ላይ «ሰው ከሰማ ልጄን ይወስዱብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» ይላል።

ይህ ፍርሃት የእርሷ ብቻ አይደለም። አጠገቤ የምትሠራው ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባዬ ይህንኑ ቃል ከእናቶች ደጋግማ ሰምታዋለች፤ «ጠንካራ ነኝ» የሚለው መልስም በእነርሱ ዘንድ እንደ እኛው «ደህና ነኝ» መሸፈኛ ነው ትላለች። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞች የጥቁሮችን በር ከሌላው ይልቅ እንደሚያንኳኩ ያየ ሰው ፍርሃቱን ከንቱ ሊለው አይችልም። በአሜሪካ ከ8 ወላዶች አንዷ ገደማ የድኅረ ወሊድ ድብርት ምልክት ይታይባታል። ጥቁር እናቶች ደግሞ ሕመሙ ይዟቸውም ሳይታወቅላቸውና ሳይታከሙ የመቅረት ዕድላቸው ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ የብዙዎች ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። የዚህች እናት ግን ስድስት ሳምንት አልፎታል።

ከክፍላችን ነርስ ጋር ተማከርን። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነ ወዲያው ጠየቅናት፤ አልመጣብኝም አለች። ነርሷ የምትገኘው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ስለነበር እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ነገ በ3 ሰዓት ከነርሷ ጋር ሆነን እንደውልልሻለን።»

በማግስቱ በቀጠሮው ደወልን። አላነሣችም። ደገምን፤ አላነሣችም። ትንሽ ቆይቶ ጽሑፍ መጣ፦ «ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። አትቸገሩ። እኔ ደህና ነኝ።»

ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ነርሷ «ምን አለች?» ብትለኝ መተርጎም አቃተኝ። የላክሁትን መልእክት ከፍቼ ሳይ ነው የገባኝ። እኔ እዚህ አገር 19 ዓመት ኖሬ ሰዓት የምቆጥረው እንደ አሜሪካኖች ሆኗል፤ 3 ሰዓት ስል ከሰዓት በኋላ ሦስት ማለቴ ነበር። እርሷ ዘንድ 3 ሰዓት ጠዋት ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ጠዋት ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገላዋን ታጥባ፣ ጸጉሯን አስራ፣ ሕፃኑን አስተኝታ፣ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ ቀትር ተቀምጣለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላ ኖራ፣ አንድ ቀን አፏን ብትከፍት የቀጠራት ሰው ቀረባት።

ምክንያት አልደረደርኩም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። 3 ሰዓት ያልኩሽ በአሜሪካ አቆጣጠር ነበር፤ በእኛ 9 ሰዓት ማለት ነው። ጠዋቱን ሙሉ አስጠበቅኩሽ፤ ይቅር በይኝ። አሁንም እዚሁ ነኝ፤ ስልኩን ይዤዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ነርሷ ከሌላ እናት ጋር የነበራትን ቀጠሮ አዘዋውራ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የደወለችው ራሷ ነበረች። መጀመሪያ የሰማነው የሕፃኑን ለቅሶ ነው።

በዚያው ጥሪ የኤድንብራውን መጠይቅ አደረግንላት። የድኅረ ወሊድ ድብርትን ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ የተዘጋጀ የ10 ጥያቄዎች ዝርዝር ነው፤ ያለፉትን 7 ቀናት ብቻ ይጠይቃል፣ ነጥቡ ከ30 ይያዛል። አዲስ አበባ ውስጥም በአማርኛ ተፈትሿል። እኔ የምወደው አጠያየቁን ነው፤ «ደህና ነሽ?» አይልም። መሳቅ ችለሻል? ነገን በደስታ ትጠብቂያለሽ? ያለ ምክንያት ራስሽን ወቅሰሻል? ይላል። 13 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን አሳሳቢ ነው ይባላል፤ የእርሷ 19 ሆነ። በዚያው ሳምንት ሐኪም አየቻት፤ የንግግር ሕክምና በአስተርጓሚ ጀመረች፤ ቆይቶም ለምታጠባ እናት የሚሆን መድኃኒት ተጨመረላት። ልጇን የወሰደባት የለም።

እኛም ቢሮ ውስጥ ብዙ ተከራከርን። የገንዘብ ክፍሉ ስለ ድርብ መልእክት ክፍያ ሲያነሣ፣ ያቺ ባልደረባዬ ከእናቶች የሰማነውን የያዘውን የእርሷንም የእኔንም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እስኪፈቀድ ድረስ ከስብሰባው አልተነሣችም። አሁን የአማርኛው መልእክት ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይሄዳል፤ ማን እንደሚያርሳት፣ ትናንት ምን እንደበላች፣ ልጁ ሲተኛ እርሷም ትተኛ እንደሆነ ይጠይቃል። «ደህና ነኝ» ብቻ ያለው መልስ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ሰው እንዲያየው ይመጣል። ቀጠሮ ስንጽፍም ጠዋት ወይም ከሰዓት ብለን ሁለቱንም አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ይህን የምታነብ አራስ ወይም የአራስ ባል አሜሪካ ውስጥ ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ የእናቶች የአእምሮ ጤና የነጻ መስመር አለ፦ 1-833-852-6262። ሌሊትም ቀንም ይሠራል። በጽሑፍ መልእክት የሚያገለግለው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ ሲደውሉ ግን አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ» ማለት ይበቃል።

ከሁለት ወር በኋላ ከዚያች እናት አንድ ፎቶግራፍ ደረሰኝ፤ በትንሽ ገበታ ላይ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ። የፎቁ ጎረቤቷ፣ የጎንደር ሴት፣ ከዚያ በፊት በአሳንሰር ውስጥ ብቻ ሰላም የምትላት፣ አገንፍታ አምጥታላት ነው። ከሥሩ «ዛሬ አረሱኝ» ብላለች። መልእክቱ የገባው ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የእናቷ ቪዛ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።