ግማሽ ዕድሜን በጥሬ ቡና ያስተማርኩበት መንገድ

ጅማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ተማሪው ቀመሩን ይሸመድድና ፈተናውን ያልፋል፤ የግማሽ ዕድሜ ምንነት፣ ማለትም ካሉት አቶሞች እኩሌታው የሚፈርስበት ጊዜ መሆኑ ግን አይገባውም። አንዳንዱ ተማሪ አቶም እንደ ሰው የሚያረጅ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ዕድሜ እኩሌታው ካለቀ፣ በሁለተኛው የቀረው ሁሉ ያልቃል ባይ ነው። ጨረር የሚቆጥር መሣሪያ የለንም። ጥሬ ቡና ግን ከጅማ አይጠፋም።

አይሶቶፕን፣ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር በኒውትሮን ቁጥር የሚለያዩ ዓይነቶችን፣ በጥቁር ሰሌዳ ጨረስኩት። ካርቦንን ካርቦን ያሰኘው 6 ፕሮቶኑ ነው፤ ኒውትሮኑ 6 ሲሆን ካርቦን-12፣ 8 ሲሆን ካርቦን-14 ይባላል። የካርቦን-14 ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) አይረጋም፤ አንዱ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ኤሌክትሮን ይወጣል፤ አቶሙም ናይትሮጅን-14 ይሆናል። «ኤሌክትሮን ኒውክለስ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?» ብሎ የሚሞግት ተማሪ ደስ ይለኛል። አልነበረም፤ የተፈጠረው በለውጡ ቅጽበት ነው።

ከዚያ ወደ ቡናው ሄድን። ለየቡድኑ 200 የተፈለፈለ ፍሬ ሰጠሁ። የፍሬው አንድ ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ መሐሉን ስንጥቅ ይከፍለዋል፤ ሌላው ጎኑ ጎበጥ ያለ ነው። ኩባያ ውስጥ ነቅንቀው ትሪ ላይ ያፈስሱታል። ስንጥቁን ወደ ላይ አድርጎ ያረፈው «ፈርሷል» ተብሎ ይለቀማል፤ የተረፈው ተቆጥሮ እንደገና ይነቀነቃል።

በሳንቲም ለምን አልሆነም ላለኝ ባልደረባዬ መልሴ ይህ ነበር፦ በሳንቲም መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የቡና ሁለት ጎኖች ግን እኩል ዕድል የላቸውም። ተማሪዎቹ ግማሽ ዕድሜውን ከራሳቸው ቁጥር ማውጣት ነበረባቸው። በየውርወራው የተረፈውን ፍሬ በግራፍ አስቀምጠው መስመሩ 100ን፣ ከዚያ 50ን የሚያቋርጥበትን ፈለጉ። ከ200 ወደ 100 እና ከ100 ወደ 50 የፈጀው የውርወራ መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሲያገኙት፣ ዓመት ሙሉ በቃል ያልተዋጠላቸው ነገር በእርሳስ ገባቸው።

ክርክሩ የተነሣው በተረፉት ፍሬዎች ነው። «ይህቺ ስንት ጊዜ አምልጣለች፤ አሁን ተራዋ ደርሷል» የሚሉ ነበሩ። ፍሬዋ ያለፈውን አትቆጥርም፤ ኒውክለስም እንዲሁ። ትናንት የተፈጠረውና ሺህ ዓመት የቆየው ካርቦን-14 በሚቀጥለው ሰዓት የመፍረስ ዕድላቸው አንድ ነው። ቡና ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንዳንዱ እሸት በሁለት ፈንታ አንድ ድብልብል ዘር ይይዛል፤ እርሱ ጠፍጣፋ ጎን ስለሌለው አስቀድሞ መለቀም አለበት። በካርቦን-14 አቶሞች መካከል እንዲህ ያለ ልዩ ፍሬ የለም።

መጨረሻው አካባቢ፣ ጥቂት ፍሬ ሲቀር፣ ግራፉ መዝለል ይጀምራል። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም፤ እንዲያውም ድንቅነሽን ለማንሳት ተጠቀምኩበት። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ስለሆነ፣ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚቀረው ለመለካት ያዳግታል። በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፋር ውስጥ የተገኘችው ድንቅነሽ ግን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ይህ የታወቀው ከአጥንቷ ካርቦን አይደለም፤ በአካባቢው ካለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 በከፊል ወደ አርጎን-40 ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜውም 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው።

ፖታሲየም ቡና ውስጥም አለ ብዬ ስናገር ክፍሉ ተንጫጫ፤ ጠጪው ብዙ ነዋ! አንድ ግራም ፖታሲየም በሰከንድ 30 ያህል አቶሞቹ ይፈርሳሉ። የአንድ አዋቂ ሰው ገላ ራሱ ከመቶ ግራም በላይ ፖታሲየም ስለሚይዝ፣ በየሰከንዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውክለሶች ውስጣችን ይፈርሳሉ። ሰውነት ትርፉን ፖታሲየም በኩላሊት ስለሚያስወግድ ደግሞ፣ ሦስተኛው ስኒ ይህን ቁጥር እምብዛም አይለውጠውም።