የቻይንኛ ክፍላችን

ቻይንኛ ስጀምር ከክፍሉ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቻይና የመጣሁት በስኮላርሺፕ ነው፣ ዋናው ትምህርት ሳይጀመር አንድ አመት ሙሉ ቋንቋ ብቻ ነው የምንማረው፣ ከዛ ኤችኤስኬ 4 የሚባል ፈተና አለ፣ ከሺህ በላይ ቃል ማወቅ ይጠይቃል፣ ከ300 ደግሞ 180 ማምጣት አለብህ። ጠዋት ጠዋት ቲንግሼ አለ፣ ዲክቴሽን በሉት፣ ላኦሺ (መምህራችንን እንደዛ ነው የምንጠራቸው) ቃሉን ይጠሩና እኛ በቻይንኛው ፊደል እንጽፋለን። እኔ አንዷን ፊደል እያስታወስኩ ጃፓናዊቷ ወረቀቷን ገልብጣ ተቀምጣለች፣ ምክንያቱም ብዙዎቹን ፊደሎች ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጽፋቸው ነው የኖረችው። ቬትናማዊው ደግሞ ቃሉን ሰምቶ ይገምታል፣ ትኩረት ማለት በቻይንኛ ጁዪ ነው በነሱ ቹ ኢ፣ ቶን (የቃሉን ትርጉም የሚለውጠው የድምፅ መውጣትና መውረድ) ደግሞ በራሱ ቋንቋ 6 አለው የቻይንኛው 4 ምን ያስቸግረዋል።

ቆይቶ ነው የገባኝ፣ እሷም ፊደሉን ታውቀዋለች እንጂ ድምፁን እንደ አዲስ ነው የምትማረው፣ ትርጉሙም ሁሌ አይገጥምላትም፣ በነሱ ደብዳቤ ተብሎ የሚነበበው ጽሁፍ እዚህ የሽንት ቤት ወረቀት ነው።

ቶን ለኔ የተፈታልኝ በአማርኛ ነው። እኛም እኮ "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖር ነው፣ ሲጻፍ ግን አንድ ነው፣ እና ጆሯችን አንድ ቃል በአባባሉ ሁለት እንደሚሆን ያውቃል። "ማይ" ዝቅ ብሎ ከተነሳ መግዛት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ከወረደ መሸጥ። እንደ መጥበቅና መላላት አድርጌ፣ ማለትም የቃሉ አካል ነው እንጂ ላዩ ላይ የተጨመረ ዜማ አይደለም ብዬ መያዝ ስጀምር መሳሳቴ ቀነሰ።

ፊደሉ ላይ ግን አንዷን ቀን አልረሳትም። ላኦሺ ሰሌዳው ላይ ቺንግ ተብሎ የሚነበብ ፊደል ጻፉ፣ ጎኑ ላይ ሶስቷን የውሃ ነጠብጣብ ሲጨምሩበት ጥርት ያለ ሆነ፣ ውሃውን አጥፍተው ፀሐይ ሲያደርጉበት ብራ ሆነ፣ ልብ ሲያደርጉ ስሜት፣ ንግግር ሲያደርጉ እባክህ፣ ሁሉም ግን ቺንግ ነው፣ የሚለያይ ካለ ቶኑ ብቻ ነው። ይሄማ የፊደል ገበታ ነው አልኩ በልቤ፣ ለ ሉ ሊ ብለን በቤተሰቡ እንደቆጠርነው። ሁሉም ፊደል እንዲህ አይገጥምም፣ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ በአንድ መሸምደድ ትቼ በቤተሰብ በቤተሰብ ነው የማጠናው፣ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረውም ይሄንኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የዶርም ጓደኛዬ ነው። ከታጂኪስታን ነው፣ እንግሊዝኛ አይችልም፣ እኔ ራሺያኛ አልችልም፣ ስለዚህ መብራት አጥፋ ለማለት እንኳን ያለን ቻይንኛ ብቻ ነው፣ ያቺው የተሰባበረችው። አንድ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ አውርቶ ሲጨርስ ዝም ብሎ ተቀመጠና "አባቴ ታሟል" አለኝ፣ በቻይንኛ፣ እና ወደ አማርኛ ሳልመልሰው ነው በቀጥታ የገባኝ። የምመልስለት ግን አጣሁ። በነጋታው አይዞህ በቻይንኛ ምንድነው ብዬ ላኦሺን ጠየቅኳቸው፣ አትጨነቅ የሚለውን ነገሩኝ፣ ጃዮውንም ነገሩኝ፣ እሱ ቃል በቃል ዘይት ጨምር ማለት ነው በርታ ለማለት የሚሉት፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው ግን የኔን አይዞህ አልሆኑልኝም። ማታ ሁለቱንም ነገርኩት፣ ከዛ የኛንም አስተማርኩት። አባቱ አሁን ደህና ናቸው፣ እሱ ደግሞ ጠዋት ከቲንግሼ በፊት ወደኔ ዞር ይልና "አይዞህ" ይለኛል፣ "ዞ"ን ጠበቅ አድርጎ፣ አላረምኩትም።