የጤና አዳም ኩማሪን በዩቪ ባትሪ፦ የሦስተኛ ዙር ማስታወሻ

ኩማሪኖች ጤና አዳም ውስጥ ያሉ የተክል ውህዶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዩቪ (ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን) ሲያገኛቸው ሰማያዊ ያበራሉ። በዚህ ዙር ሰማያዊው ብርሃን በደንብ ታይቷል። ብርሃን ማየቱ እንኳ ቀላል ነው፤ የተክሉ ይሁን የወረቀቱ መለየቱ ነው ከባዱ።

ጥላ ላይ የደረቀ 5 ግራም ቅጠል ተፈጭቶ፣ በ50 ሚሊ ሊትር ባለ 70 ከመቶ አልኮል ክዳን ባለው ጠርሙስ 24 ሰዓት ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ ይጠለላል። በሚለበስ ነጠላ ቁራጭ አታጥልሉ! የልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ (ልብሱን ነጭ የሚያስመስለው ንጥረ ነገር) ራሱ በዩቪ ሰማያዊ ያበራል። የቢሮ ወረቀትም እንደዚያው ነው፤ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ይሻላል። ባትሪው 365 ናኖሜትር ይሁን። ባለ 395ቱ የራሱ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚበዛ ደካማውን ፍካት ይውጠዋል።

የተጠለለውን ፈሳሽ በስንጥር፣ ንጹህ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ቦታ አምስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እያደረቃችሁ ጠብ አድርጉ። አጠገቡ ባዶ አልኮል ብቻ ይንጠብ፤ እሱም ካበራ ሙከራው ተበላሽቷል። ነጥቡ በባትሪው ቀይ ካበራ ግን አብሽሩ፣ ክሎሮፊል (የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም) ነው። የወረቀቱን ጫፍ፣ ነጥቡ ሳይነካ፣ ሁለት እጅ ውሃና አንድ እጅ አልኮል ውስጥ አቁሙት፤ ክሎሮፊሉ ውሃ ስለማይወድ እዚያው ይቀራል፣ ሰማያዊው ወደ ላይ ይወጣል።

በወጣው ላይ የጠራ የአመድ ውሃ ጠብ ሲል ፍካቱ ከደመቀ፣ እንደ ኡምቤሊፌሮን ያለ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር) የያዘ ኩማሪን መኖሩን ይጠቁማል፤ እንደ አመድ ውሃ ባለ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ፕሮቶኑን (የሃይድሮጅን አዮኑን) ይለቃልና። ማረጋገጫ ግን አይደለም። ጤና አዳም አክሪዶን የሚባሉ አልካሎይዶችም (ናይትሮጅን የያዙ የተክል ውህዶች) አሉት፣ እነሱም ያበራሉ።

ለቡና አንድ ቀንበጥ መቀንጠስ ሌላ፣ በእቅፍ ማጨድ ሌላ። የእርጥቡ ቅጠል ፈሳሽ ቤርጋፕቴንና ዛንቶቶክሲን የሚባሉ፣ ከኩማሪን ወገን የሆኑ ውህዶች አሉት። ቆዳ ላይ ሆኖ የፀሐይ ዩቪ ሲያገኘው ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፤ ውሃ የቋጠረው ቁስል የሚወጣው ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሰው ከቅጠሉ ጋር አያያይዘውም። እንደ ደሴ ባለ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የፀሐይ ዩቪው ይበረታል። ጓንት አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁረጡ፤ ወዲያው በሳሙና ታጠቡ።

ቀጣዩ የሎሚ ልጣጭ ነው፤ ሲትሮፕቴን የሚባል ኩማሪን ስላለው ፍካቱ ከዚህ ይደምቃል ተብሎ ይጠበቃል።