ሰባ ሰባት

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አበራሁና አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ካርታ መቁጠር ጀመርኩ። 77 ሆነ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አስር አስር እያደረግኩ ደገምኩት። ያው 77። መሆን ያለበት 78 ነው።

የቁማር ካርታ አይደለም፣ ታሮት ነው። ለማያውቀው፣ 22ቱ የየራሳቸው ስም ያላቸው ትልልቆቹ ናቸው። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሞት፣ ባሕታዊ እያለ ይሄዳል። የቀሩት 56ቱ እንደ ተራ ካርታ በአራት ወገን ይከፈላሉ። ሰው ዕድሉን ያይበታል ይባላል። እኔ ሥዕል ነው የማየው እላለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ ብል ግን እዋሻለሁ። ሥዕል ብቻ ከሆነ ምን ያስደብቅሻል የሚለኝ ሰው ቢመጣ መልስ የለኝም።

እንድቆጥር ያደረገችኝ ጓደኛዬ ናት። ሽማግሌ ይልካል የተባለው ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ስልክ ማንሳት አቆመ። ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ ሲኒዋን እያሽከረከረች፣ ቀልድም ምርርም ባለው ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ እታለም፣ ሦስት ጊዜ ጣልሽልኝ። ሦስቴም ድግስ ነው ያየሽልኝ። መጥፎ ነገር የማያውቅ ይሄ ምን ዓይነት ካርታ ነው?»

ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ሦስት ፓኮ አለኝ። ጎንደር ውስጥ ሦስት ፓኮ ታሮት ያለው ሌላ ሰው ካለ ይጥራኝና ቡና እንጠጣ።

የመጀመሪያው ያለ ዋጋ የመጣ ነው። ያኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ለጥምቀት የመጣች አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት በረንዳ ላይ ብቻዋን ካርታ ስትደረድር አየኋት። ሰው አጥታ ነው ብዬ አዘንኩላትና ሻይ ወሰድኩላት። በሄደች ቀን ካርታውን ከክፍሏ ቁልፍ ጋር ባንኮኒው ላይ ትታልኝ ሄደች። የማርሴይ የሚባለው ዓይነት ነው። ትንንሾቹ ካርታዎች ላይ ሰው የለም። ሰባት ጽዋ ከሆነ ሰባት ጽዋ ተደርድሯል፣ አለቀ። 13ኛው ላይ አጽም ረጅም ማጭድ ይዞ ያጭዳል፤ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። ዝምተኛ ካርታ ነው። ስታነጋግሪው አፍጥጦ ያይሻል እንጂ አይመልስልሽም።

እማዬ እሱን ያየች ቀን «ምንድነው ይሄ?» አለችኝ። «የጣልያን ካርታ ነው» አልኳት። አልዋሸሁም። ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣልያን ውስጥ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ከግብፅ ካህናት የወረደ ጥበብ ነው የሚለውን ወሬ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ያኔ የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ጥንቆላው በኋላ የተለጠፈበት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። እማዬ ለዚህ ሁሉ ግድ የላትም። «ጣልያን እዚህ አገር ጥሎት ያልሄደው ነገር የለም» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ሁለተኛውን እህቴ ከዋሽንግተን በሰው እጅ ላከችልኝ፣ ሹራብ ውስጥ ጠቅልላ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን የታተመው ነው፣ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው። አሳታሚው ራይደር፣ ሀሳቡን ያወጣው ዌት፣ ስለዚህ ካርታው «ራይደር ዌት» ተባለ። የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ከስሙ ውስጥ የለችም። ያኔ ለፎቶ አንሺው ለአልፍሬድ ስቲግሊትዝ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ትልቅ ሥራ በጥቂት ገንዘብ ጨረስኩ ብላዋለች። ሥዕሎቹ ጥግ ላይ ግን ፊደሎቿን ጠላልፋ ፈርማለች። እኔ ካርታውን ስዘረጋ መጀመሪያ ያችን ፊርማ ነው የምፈልገው።

ቀጥሎ የምፈልገው ዓይን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት እያዩት ያደገ ሰው ዓይን መቁጠር ይለምድበታል። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ወግ ነበራቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይስሉታል። ክፉውን በጎኑ፣ አንድ ዓይን ብቻ። በዚህ ዓይን የእህቴን ካርታ ሳየው ጉድ ነው። ሰይጣኑ መሀል ቁጭ ብሎ በሁለት ዓይኑ ያፈጣል! እኔ የምወዳት የሰይፍ ንግሥት ደግሞ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣለች፣ አንድ ዓይን ብቻ። የጎንደር ሠዓሊ ቢያገኛት ከሄሮድስ ወታደሮች ጋር ይደምራት ነበር። እኔ ግን አሁን ለምጃታለሁ። እንዲያውም እሷ ስትወጣ፣ ፊቷን ያዞረችብኝ የማልናገረው ነገር ስላለ ነው እላለሁ።

ሦስተኛውን ራሴ አሳተምኩት። ፓሜላ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ 70 ዓመት አልፏልና ሥዕሎቿን ማንም ያትማቸዋል። እኔ የጨመርኩት ከሥር የአማርኛ ስም ነው። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ። ጽዋ፣ ሰይፍና በትር ቀላል ነበሩ። የሳንቲሙን ወገን «መክሊት» አልኩት። ሦስት ሴቶች ጽዋቸውን ወደ ላይ ያነሱበት ካርታ አለ፤ እሱማ የታወቀ የጽዋ ማኅበር ነው፣ ጠላው ብቻ ነው የቀረው። ያስቸገረኝ ዜሮ ቁጥር ያለው ነው። በእንግሊዝኛ ሞኙ ማለት ነው። «ቂል» ብዬ ጻፍኩ፣ ስድብ መሰለኝ። «የዋህ» አልኩ፣ ቅዳሴ መሰለኝ። ከዚያ ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። ወጣት ልጅ ነው። ጓዙን በዱላ አንጠልጥሎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ገደል አፋፍ ደርሷል፣ እግሩ ሥር ውሻ ይዘላል። ጓዝ፣ ዱላ፣ ውሻ። ማን ሊሆን ነው ታዲያ? «የቆሎ ተማሪ» ብዬ ጻፍኩበትና ተኛሁ።

መብረቅ የመታውን ሕንፃ «ግንብ» አልኩት። ሌላ ቃል የለውማ። ማተሚያ ቤቱ ያለው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያየው ደንገጥ አለ። ጣሪያው ተፈንቅሎ እሳት ይነዳል፣ ሁለት ሰዎች በጭንቅላታቸው ይወርዳሉ።

«የኛው ነው እንዴ?»

«አይደለም። የውጭ ነው።»

«እግዜር ይጠብቀን» አለና አተመው።

መጠበቁስ ባልከፋ፣ ግን ሥራውን አበላሸው። ጀርባው ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። መቁረጫው ተንሸራቶ የአንዳንዶቹን ስም ከሥር በልቶታል፣ ክረምት ሙሉ የደከምኩበትን ስም! ላሚኔሽኑ ደግሞ ሲበውዙት እንደ ዓሣ ያሟልጫል። ገንዘቤን መልስልኝ ልለው አስቤ ነበር። ግን «ለምን ነበር የፈለግሽው?» ቢለኝስ? ዝም ብዬ ከፈልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሦስት ያለው ሰው መምረጥ አለበት። ዛሬ የቱን ላንሳ? እህቴ በስልክ ይሄን ስነግራት ትስቃለች፤ አራተኛ ልላክልሽ ትለኛለች። ቶት የሚባለውን። ፍሪዳ ሃሪስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1943 ለአሌስተር ክራውሊ የሳለችው፣ በካርታ መልክ በሰፊው የታተመው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ በ1969። ሥዕሉ ያምራል፣ አየሁት። ግን ሦስቱ መቼ ተስማሙና ነው አራተኛ የምጨምረው?

ለራሴ፣ ብቻዬን ስሆን፣ የፈረንሳዊቷን አነሳለሁ። አይመልስልኝም፣ እኔም አልጠይቀውም። እየበወዝኩ ሀሳቤ ይሰበሰባል፣ በቃ። የእህቴ ለእሑድ ነው፣ ቤቱ ጸጥ ሲል። ሰው ሲመጣ ግን ሁልጊዜ የራሴን ነው። ቡና እየተጠጣ አንዳንድ ካርታ አወጣለሁ። በአቦል ያለፈውን፣ በቶና ያለውን፣ በበረካ የሚመጣውን። በጣም ይወዱታል። ለምን ይሄን ትመርጫለሽ ቢሉኝ አማርኛ ስለሆነ እላቸዋለሁ።

ሐሙስ ማታ ሻማው ሥር ሌላ ምክንያት አገኘሁለት። ጀርባው ጠማማ ስለሆነ አንዳንዶቹን ሳልገለብጥ አውቃቸዋለሁ። ፀሐይዋን በተለይ። በቀኝ በኩል ነጭ ጠርዝ አላት፣ የጣት ጥፍር የምታክል። በረካ ሲደርስና የሰውየው ዓይን እጄ ላይ ሲቀር ጣቴ ራሷ ወደዚያ ነጭ ጠርዝ ትሄዳለች። ሆን ብዬ ነው አልልም። ሆን ብዬ አይደለም ለማለትም አፍሬያለሁ። እንግዲህ ለጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ፀሐይ የወጣው በዚህ ነው። አስፋልት ዳር ውዳሴ ማርያምና አውደ ነገሥት ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ ከኔ ይሻላል። እሱ ቢያንስ መጽሐፉን ይሸጥልሻል፤ ስምሽንና የእናትሽን ስም ቆጥረሽ፣ በ12 ገድፈሽ፣ ሐመል ነሽ ሑት ነሽ ራስሽ ትደርሺበታለሽ።

ይሄ አንዱ ነው። ሌላው የጎደለችው ናት። በየወገኑ ደረደርኳቸው። ጽዋ ሙሉ። በትር ሙሉ። መክሊት ሙሉ። ሰይፍ፦ አንድ፣ ሁለት፣ አራት።

የሰይፍ 3 የለችም። ቀይ ልብ፣ በሦስት ሰይፍ የተወጋ፣ ከኋላው ግራጫ ደመናና ዝናብ። የተሰበረ ልብ ማለት ናት፤ ይቺን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። መቼ እንደጠፋች አላውቅም። ብቻ ስንት ጊዜ ነው እዚህ ቤት ለስንቱ ሰው ስጥል፣ የማንም ልብ ሊሰበር የማይችልበት ካርታ ይዤ ቁጭ ያልኩት?

አልጋ ሥር ፈለግኩ። ካርታዎቹን የማስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ገለበጥኩ። የለችም።

አርብ 21 ነበር፣ ማርያም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት፣ ሌሊቱ ሳይነጋጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ፊት ቆማ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች። ውኃ ልጠጣ ተነሳሁ። ገጹን ስትገልጥ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። ላሚኔሽን።

ጨርሳ እስክትሳለም ጠበቅኩ።

«እማ፣ ይቺ ከየት መጣች?»

«ስጠርግ አልጋሽ ሥር አገኘኋት። ጥለሻት ነው?»

«ወድቃ ይሆናል።»

«የእመቤታችን ልብ ናት እኮ፣ ልጄ። እንዴት መሬት ትጥያታለሽ? ስምዖን ያላት፣ ‹በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል›። ተመልከቺው፣ ሰማዩም ያለቅሳል።»

ወደ ሻማው አስጠግታ አሳየችኝ። ከሥር የጻፍኩት ስም የለም፣ መቁረጫው በልቶታል። ልብ፣ ሰይፍ፣ ዝናብ ብቻ። ጥጉ ላይ የፓሜላ ፊርማ አለ፤ እማዬ ምን እንደሚመስላት እግዜር ይወቅ። ጠርዟ ላይ በጣት መነካካት የተለሳለሰ ነገር አለ። ስንት ወር ነው የያዘቻት?

«ቆንጆ ናት» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ውኃም አይነካትም» አለች። ተሳለመቻትና መጽሐፉን ዘጋችው።

ዛሬ ቅዳሜ ጓደኛዬ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት፣ የፀሐይዋንም ነጭ ጠርዝ ጭምር። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ካርታውን ተቀብላ ጠርዙን በጥፍሯ ዳሰሰችና «ይቺ ናት?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ቡናው ተንተከተከ። እኔ ሦስቱንም ፓኮ አምጥቼ ሬከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩላት።

«በይ አሁን ምረጪ። ይሄ የማርሴዩ ነው፣ ብዙ አያወራም። ይሄ የእህቴ፣ ሙሉ 78። ይሄኛው ጎዶሎ ነው፣ ታውቂዋለሽ።»

አንድ በአንድ አየቻቸው። የእህቴን አንስታ ትንሽ ይዛው ቆየችና መለሰችው። ጎዶሎውን ወሰደች።

«እንዳታወጪልኝ፣ እኔ ነኝ የምበውዘው» አለች።

መበወዝ መቼ ትችላለች! ሁለቴ እንዳገላበጠችው ካርታው ከእጇ አሟልጮ ቄጠማው ላይ ተበተነ፣ ግማሹ ሬከቦቱ ሥር ገባ።

«ምንድነው የወደቀው?» አለች እማዬ ከጓዳ።

«የጣልያን ካርታ ነው» አልናት ሁለታችንም።